የሰውን ድምፅ ስለ መዋስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁለት ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንደኛው፥ ከደጋው ወደ ታች ሲወረድ ጆሮ መደፈኑ ነው። ሁለተኛው ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ነው። እኔ በዚህ መንገድ ከአርባ ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ። ከሰማኋቸው ብዙ ዘፈኖች መካከል አንዱ በተከፈተ ቍጥር ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞር ነበር። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ልጽፍበት ያሰብሁት ወጣቶች «ሳምፕል» ስለሚሉት ነገር ነው። ይኸውም ቀድሞ ከተቀዳ ሙዚቃ ላይ ጥቂት ድምፅ ቈርጦ ማውጣትና፥ እንዳለ ወይም እየደጋገሙ፥ በአዲስ ዘፈን ውስጥ መክተት ነው። አንባቢ ሆይ፥ «ይህ የወጣቶች ጨዋታ ነው፤ ለጡረተኛ መምህር ምን ይገደዋል?» ብለህ ገጹን እንዳታልፈው እለምንሃለሁ። ጥያቄው የዘፈን ብቻ አይደለም። የሰው ድካም የማን ነው? ባለቤቱ በሌለበትስ ማን ይጠየቃል? የሚል ነው።

በአገራችን የሰውን ድርሰት የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር የሆነው በአዋጅ አይደለም። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደልና መዝሙር በምማርበት ዘመን አንድ አጎቴ በቅኔ ቤት ነበረ። በዕረፍት ወራት ሲመጣ እንዲህ እያለ ያጫውተኝ ነበር፤ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ከሌላው የሰማውን የእኔ ነው ብሎ ያቀረበ ግን በጓደኞቹ መካከል መሣቂያ ይሆናል። የታላላቅ መምህራንን ቅኔ ከነስማቸው መጥቀስ ግን የዐዋቂነት ምልክት ነው። እንግዲህ ጥፋቱ በሰው ቃል መጠቀሙ ሳይሆን የባለቤቱን ስም መሸሸጉ ነበር ማለት ነው።

በአዝማሪው ዘንድ ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ከማሲንቆው ጋር ያዜመዋል፤ ሽልማቱ በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ግጥሙ የማን ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ይህ የሆነው ሰው ሁሉ ቅን ስለ ነበረ አይመስለኝም። ድምፁና ሰውየው ገና ስላልተለያዩ ነው። ድምፁን የፈለገ ሰው ሰውየውን መጥራት፥ ማብላት፥ ማጠጣትና መሸለም ነበረበት፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ ብቻውን መሄድ የጀመረው በሸክላ ነው። ከእኛ ሰዎች መካከል በዚህ መንገድ ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ጀርመን አገር ተልከው በነበረ ጊዜ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀድተዋል። በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተሙ ሥልጣን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ኖረ። ይህን አጥር የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ ነው። ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት ጥቂት ዓመታት ከ100 የሚበልጡ ሸክላዎች አሳተመ። ፈቃድ ሳይኖረው በድፍረት የጀመረው ይህ ሥራ ኋላ ስለ ፈቃድ ለሚነሣው ክርክር ሁሉ መነሻ መሆኑ ያስገርማል። ዛሬ በውጭ አገር ሰዎች ቈርጠው የሚወስዱት የኢትዮጵያ ሙዚቃ አብዛኛው በእነዚያ ዓመታት የተቀዳ ነውና።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የአገሬ ሰዎች ይታዘቡኛል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች መካከል ሁለቱ የሚጠሩት በእኛው አገር ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከደሴ በስተ ሰሜን ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም የሰማ ሰው አገሩን ሳያየው ያየዋል። ነገር ግን አምባሰል የማሪቱ አይደለም፤ የማንም አይደለም። ቅኝት እንደ ምንጭ ውሃ ነው፤ ማንም መጥቶ ይቀዳል። አንድ ሰው በእንስራው ቀድቶ ወደ ቤቱ የወሰደውን ውሃ ከቤቱ ገብቶ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ወጣት በባቲ ቅኝት አዲስ ዜማ ቢያወጣ የሚጠይቀው የለም፤ የእገሌን በባቲ የተዘፈነ ቅጂ ቈርጦ ቢከት ግን ይጠየቃል። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው፥ የተማረውም ጭምር፥ አያስተውለውም።

በውጭው ዓለም ነገሩ ወደ ክርክር የደረሰው በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በሚባለው የድሆች ሰፈር፥ ሸክላ አጫዋቾች ሰውን የሚያስጨፍረውን ክፍል እየመላለሱ ማሰማት ከጀመሩ በኋላ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. «ራፐርስ ዲላይት» የተባለው ዘፈን ሲወጣ ሙዚቀኞቹ «ጉድ ታይምስ» ከተባለው ዘፈን ላይ ሙዚቃውን ወስደው ራሳቸው ደግመው ተጫወቱት፤ የዜማው ባለቤቶችም ተቃውመው ስማቸው በደራሲነት እንዲገባ አደረጉ። በሰማንያዎቹ ዓመታት ደግሞ ድምፅን ቈርጦ የሚይዝ መሣሪያ ዋጋው እየቀነሰ ሄደና ጎበዙ ሁሉ ያገኘውን ይወስድ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ እኔን የነካኝ የአንድ ከበሮ መቺ ታሪክ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ዊንስተንስ የተባሉ የዋሽንግተን ሙዚቀኞች «አሜን ብራዘር» የሚባል ዘፈን በአንድ ሸክላ ጀርባ ላይ አስቀዱ። ዜማው ራሱ ከመንፈሳዊ መዝሙር የመጣ ነው። በመካከሉ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይልና ግሪጎሪ ኮልማን የተባለው ሰው ብቻውን ለስድስት ሰኮንድ ያህል ከበሮ ይመታል። ያቺ ስድስት ሰኮንድ በኋላ በሺህ በሚቈጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገባች፤ በእንግሊዝ አገርም አዲስ የጭፈራ ዓይነት በእርሷ ላይ ተመሠረተ። ኮልማን ግን ምንም ሳያገኝ በ2006 እ.ኤ.አ. በድህነት ሞተ። የቡድኑ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰርም ለብዙ ዘመን ምንም አልተከፈለውም ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያን ሸክላ አጫዋቾች ከሕዝብ መዋጮ ሰብስበው 24,000 ፓውንድ ሰጡት። ይህ ዕዳ ነው ወይስ ምጽዋት? እኔ እስካሁን አልወሰንሁም።

ሕጉ የጠነከረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ቢዝ ማርኪ የተባለው ዘፋኝ ከጊልበርት ኦሱሊቫን ዘፈን ላይ ሳያስፈቅድ ስለ ወሰደ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ተከሰሰ። ዳኛው ውሳኔያቸውን የጀመሩት ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከአሥርቱ ትእዛዛት፥ ስለ ስርቆት የተሰጠውን ትእዛዝ በመጥቀስ ነው። እኔ ያንኑ ትእዛዝ በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ያን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ዳኛው ስለ ስርቆት ሲናገሩ የሚጠቅሙት ብዙውን ጊዜ ሸክላውን የያዘውን ኩባንያ ነው፤ ኮልማንን የመሰለው ከበሮ መቺ ከዚያ ፍርድ የሚያገኘው የለም። ከዚያ ወዲህ በ2005 እ.ኤ.አ. ሌላ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከተቀዳ ድምፅ ላይ ጥቂትም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይወሰድም አለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው ፍርድ ቤት እጅግ ትንሽ የሆነው አያስጠይቅም አለ። በጀርመን አገር ክራፍትወርክ የተባሉት ሙዚቀኞች በ1977 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ሥራ ስለ ተወሰደች የሁለት ሰኮንድ ድምፅ ከሃያ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. በሰጠው ቃል፥ የተወሰደው ድምፅ ለጆሮ እስከማይታወቅ ድረስ ካልተለወጠ በቀር ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሏል። ለሁለት ሰኮንድ ሃያ ዓመት! የእኛን አገር የድንበር ክርክር አስታወሰኝ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የድሮዎቹን ሸክላዎች ሰብስቦ በሲዲ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ሙዚቃችን በዓለም ተሰማ። በዚህ ተከታታይ አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ናስና ጃማይካዊው ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን የተመሠረተው «የግሌ ትዝታ» በተባለው የሙላቱ ሥራ ላይ ነው፤ በደራሲያኑ ዝርዝርም የሙላቱ ስም አብሮ ገብቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ ባወጣው ዘፈን መጨረሻ ላይ የአስቴር አወቀ ድምፅ ይሰማል። በስደት የተወለደ ልጅ የእናቱን ቋንቋ በዘፈኑ ጫፍ ማስገባቱ ሳምፕል ሁሉ ስንፍና ነው ለሚሉ ሰዎች መልስ ይሆናቸዋል።

ከዚህም ይልቅ ለእኔ ምሳሌ የሚሆነኝ በባሕር ዳር የተጀመረው ነገር ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ በዚያች ከተማ ከአንድ ሱቅ የኃይሉ መርጊያን የ1985 እ.ኤ.አ. ካሴት ገዛ። ሰምቶ ደነቀው። ነገር ግን ገልብጦ በማሳተም ፈንታ ባለቤቱን ፈለገ፤ ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሲኖር ተገኘ። በስልክ ተነጋገሩ፥ ተስማሙ፥ ሥራውም በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ የስልክ ጥሪ አንድን ሰው ወደ ሙያው መለሰው።

በእኛ አገር ሕግ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገር ክፍል አለው። ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ ባለሥልጣን ይባላል። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ታወጀ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሻለ። በ410 መሠረት የደራሲው የጥቅም መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የተጫዋቹና የድምፅ ቅጂ አሳታሚውም መብት እንዲሁ 50 ዓመት ነው። ሆን ብሎ የተላለፈ ከ5 እስከ 10 ዓመት እስራት ተደንግጎበታል። እንግዲህ ሳምፕል ለሚወስድ ሰው ሦስት ደጅ አለበት፤ ግጥምና ዜማውን የደረሰው፥ የተጫወተው፥ ቅጂውንም ያሳተመው። አንዱን ብቻ አስፈቅዶ ጨረስሁ ማለት አይችልም። ፈቃዱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። በኮምቦልቻ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተርና ማይክሮፎን ይዞ ለተቀመጠ ልጅ ግን ሦስቱ ደጆች የት እንዳሉ የሚያሳየው የለም።

ይህን የማውቀው እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ቤቴ ስለ መጣ ነው። አባቱን አስተምሬው ነበር። «ጋሼ፥» አለኝ፥ «ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የድሮ ማሲንቆ በዘፈኔ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ዘፈኑን የሚያሠራጭልኝ ድርጅት የፈቃድ ወረቀት አምጣ አለኝ። ዘፋኙን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። እርስዎ ባቲ ያስተማሩ ነዎትና ምናልባት ድምፁን ያውቁት እንደ ሆነ ብዬ ነው።» ከዚያም በስልኩ አሰማኝ። አሥራ አንድ ሰኮንድ ናት።

ያወቅሁት ማሲንቆው ከመጀመሩ ነው። ያ በአውቶቡስ ውስጥ ፊቴን የሚያስዞረኝ ዘፈን ነበር።

በ1973 ዓ.ም. አዲስ መምህር ሆኜ በባቲ ሳለሁ፥ ከአሰብ በመጣ ናሽናል ቴፕ፥ በአንድ ሰርግ ላይ አንድ ማሲንቆ መቺ ቀዳሁ። ቴፑን ሲያይ ሣቀና፥ «መምህር፥ ድምፄን በሣጥን ይዘኸው ልትሄድ ነው?» አለኝ። እኔም ሣቅሁ። በሚከተለው ዓመት ካሴቱን ደሴ ላለ አንድ ሙዚቃ ቤት ሰጠሁት፤ ሃያ ብር ተቀበልሁ። እነርሱም አባዝተው ሸጡት። ሰውየውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም በልቡናዬ አልመጣም ነበር ብል ግን ሐሰት ይሆናል፤ መጥቶ ነበር፥ ግን ሰኞ ገበያ ሲመጣ እነግረዋለሁ እያልሁ አሳለፍሁት። ኋላ በዚያው ገበያ ራሱ አገኘኝ። «በአውቶቡስ ስሄድ ራሴን ሰማሁት፤» አለኝ። «ሾፌሩን እኔ እኮ ነኝ አልሁት፤ ሣቀብኝና ሙሉ ሂሳብ አስከፈለኝ።» ይህን ያለኝ በቍጣ አልነበረም፤ እንደ ጨዋታ አድርጎ ነው። ሃያውን ብር አልነገርሁትም። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ ስነግረው አንገቱን ደፋ፤ ሽማግሌ መውቀስ ነውር ሆኖበት ይመስለኛል። በሚቀጥለው ሰኞ አብረን ወደ ባቲ ሄድን። የሰውየው ልጅ በገበያው ዳር ቡና ታፈላለች፤ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ ቀርቧል። ማንነቴን ነገርኋት፤ ሃያውንም ብር ጭምር ነገርኋት። ረዥም ጊዜ ሲኒ ስታጥብ ቆየችና፥ «አባቴ የአውቶቡሱን ነገር እስኪሞት ያወራው ነበር፤ ሣጥን ይዞ የመጣውን መምህር ግን ማን እንደ ሆነ አልነገረንም» አለች። ሳይናገር መቅረቱ ለእኔ ብሎ እንደ ሆነ ተረዳሁ፤ ይህም ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

ፈቃዱ በዚያ ቀን አላለቀም። ወራሽነቷን ከፍርድ ቤት ማስመስከር ነበረባት፤ ሪያድ ያለው ወንድሟም ውክልና እስኪልክ ሦስት ወር ጠበቅን። ወጣቱ አንድ ጊዜ ተሰላችቶ፥ «ጋሼ፥ ሌላ ሰው አስጠርቼ ማሲንቆውን እንደገና ባስመታ ይቀለኛል» አለኝ። እውነት ነው፤ ይቀለዋል፤ ሕጉም አይከለክለውም፤ ባቲ የማንም አይደለምና። እኔ ግን እንዳያደርገው ለመንሁት። ለእርሱ ብዬ አልነበረም።

ውሉን በሦስት ምስክሮች ፊት በተፈራረምን ቀን አሥር ሺህ ብር ተቀበለች፤ ከዘፈኑ ገቢም ሩብ ድርሻ እንዲሆንላት ተጻፈ። ከዚያም አንድ ነገር ጨመረች። የአባቷ ስም በዘፈኑ ውስጥ ይሰማ አለች። በጽሑፍ ብቻ መስፈሩ አልበቃትም። «እሜቴ፥ በአሥራ አንድ ሰኮንድ ውስጥ የት አገባዋለሁ?» አለ ወጣቱ። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ሰውየው ማሲንቆውን ከመምታቱ በፊት፥ እንደ አዝማሪ ልማድ፥ ስሙንና አገሩን ተናግሮ ነበር፤ ሙዚቃ ቤቱ ሲያባዛ ያን ክፍል ቈርጦ ጥሎታል። በኢንተርኔት ያለውም የዚያ የተቈረጠው ግልባጭ ነው። እኔ የቀዳሁት የመጀመሪያው ካሴት ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማችን በተያዘ ጊዜ ትተነው በሄድነው ቤት ውስጥ፥ በመጻሕፍት ሣጥን ሥር፥ ሳይነካ ቀርቶ ነበር።

ደሴ ተመልሼ አመጣሁት። ክሩ ተጣብቆ ስለ ነበር ወጣቱ በእርሳስ እያዞረ ካላቀቀው በኋላ አጫወተው። ስሙ አለ። ሳምፕሉ አሥራ አምስት ሰኮንድ ሆነ፤ ዘፈኑም ከዚያ ይጀምራል። ካሴቱን ለልጁ ሰጥቻታለሁ፤ ማጫወቻ ስለ ሌላት ወጣቱ በስልኳ ላይ ገልብጦላታል።